መሬቴን ለካ

አይናዲስ የባሏን የአለኸኝን ሙት ዓመት ልታወጣ አሥር ቀን ሲቀራት፣ ጌሾ እየወቀጠች ብቅል እያስፈጨች ጎንበስ ቀና በምትልበት ሰሞን፣ ሦስት ተማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡባት። መጡባት ማለቴ ለክፉ አይደለም፤ አንደኛው የእህቷ ልጅ አንሙት ነው። ግን ድግስ ላይ ያለች ሴት እንግዳ ስትቀበል በአፏ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ትበል እንጂ በሆዷ እንጀራ መቁጠሯ አይቀርም።

ዘመኑ ስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥር ነው። መንደሯ ከይጁቤ ገበያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ፣ ወንዝ ወዲህና ወዲያ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። "የእርሻ ግብር አንከፍልም፣ ርስታችንን አናስለካም" ተብሎ ጎጃም የታወከበት፣ አውሮፕላን ከሣር ክዳኑ በላይ እያጓራ የዞረበት ጊዜ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ሰዉ ወደ እርሻው ተመልሷል፤ ምንሽር ጠመንጃውን ግን ከራስጌው አላነሣም።

አንሙት ልጅነቱን ደብረ ወርቅ ቅኔ ሲቆጥር ያሳለፈ ነው። ኋላ አስኳላ ገብቶ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ይማራል። የመጣውም የሽማግሌዎችን ቅኔና ግጥም በደብተር ሊለቅም ነው። ሁለተኛው ሙነወር ይባላል፤ የጉንደ ወይን ነጋዴ ልጅ ሲሆን ትምህርቱ ኢኮኖሚክስ ነው። ከገበያ ገበያ እየዞረ ቁና ይለካል፤ የይጁቤው ቁና ከጉንደ ወይኑ በስንት እፍኝ እንደሚበልጥ፣ ሸማቹ ሲመጣና ሻጩ ሲመጣ ቁናው ለምን እንደሚለያይ ይጽፋል። ሦስተኛው ፍሥሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ስለ እንስሳት ይማራል፤ እዚህ ድረስ ያመጣው ደግሞ ፍልፈል ነው።

"ፍልፈል?" አለች አይናዲስ። "ያ አፈር ለአፈር የሚሄደው?"

"አዎ እትዬ።"

"ልትበላው ነው?"

"ኧረ ላጠናው ነው። ምን እንደሚበላ፣ ጉድጓዱ የት የት እንደሚደርስ፣ በአንድ ማሳ ስንት ፍልፈል እንደሚኖር..."

"እናትህ ያውቃሉ?" አለችው።

አንሙትና ሙነወር እስኪያነቡ ሳቁ። ፍሥሐም አብሮ ሳቀ፤ ግን ጆሮው ቀላ። አይናዲስ ይኼን አይታ ወደደችው። "ወይ ጉድ! አንዱ ቃል ይለቅማል፣ አንዱ ቁና ይሰፍራል፣ አንዱ ፍልፈል ይቆጥራል። ይኼ ሁሉ አንድ ትምህርት ቤት ነው?" አለች።

"አጥሩ አንድ ነው እትዬ፤ ቤቱ ይለያያል" አላት ሙነወር። ለእሱ ሥጋ የማይነካው ድስት ለየችለት፣ ለሦስቱም ጎታ ያለበትን ጓዳ ጠርጋ አነጠፈችላቸው።

አይናዲስ ግን ከድግሱ ሌላ በሆዷ የያዘችው ነገር ነበር። አለኸኝ ከመሞቱ በፊት ከደብረ ማርቆስ ቀይ ድንች ዘር አምጥቶ ነበር፤ በመንደሩ እንዲህ ያለ ድንች ታይቶ አይታወቅም። እሱ ሲሞት እሷ ተከለችው። በግንቦት ልታወጣው ስትቆፍር፣ ጉድ! ግንዱ ቆሟል፣ ቅጠሉ ጠውልጓል፣ ሥሩ ግን ባዶ ነው። ከማሳው እኩሌታው እንዲሁ ሆነ። ሌባው ድንቹን ለቅሞ፣ እንዳይነቃበት ግንዱን መልሶ ተክሎታል አለች። ያን ሰሞን ይጁቤ ገበያ ብትወጣ፣ ከወንዝ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ አመተ ሥላሴ በቁና ቀይ ድንች ይዛ ተቀምጣለች።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። አይናዲስ ጠረጠረች ብቻ ሳይሆን አመነች። ሄዳ ግን አልጠየቀችም። ይልቅ የንስሓ አባቷን አባ ወልደ ሚካኤልን ለምና አስወገዘች። አባ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው "የዚችን የሙት ሚስት ድንች የሰረቀ፣ ሲሰረቅም አይቶ ዝም ያለ፣ እንደ አርዮስ የተወገዘ ይሁን!" ሲሉ፣ አይናዲስ ዓይኗን አንሥታ አመተ ሥላሴን ብቻ አየቻት። ስም አልጠራችም። ስም መጥራት ምን ያስፈልጋል? ሕዝቡ ሁሉ ዓይኗን ተከትሎ አየ። በሰኔ የአመተ ሥላሴ ጥገት ሞተች፣ መንደሩም "ውግዘቱ ያዛት" አለ። እነሆ ስምንት ወር ሁለቱ ሴቶች ወንዝ ሲወርዱ እንኳ ፊት ለፊት አይተያዩም።

ለልጆቹ ድንቿን ሌባ እንደወሰደባት እንጂ የአመተ ሥላሴን ነገር አልነገረቻቸውም። ፍሥሐ ረዥም ገመድ ፈለገ፣ እሷም የአህያውን መጫኛ ሰጠችው። በየአምስት እርምጃው ቀይ ጨርቅ አሰረበት። ከዚያ አንዱን ጫፍ ለሙነወር አስይዞ ማሳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋውና፣ በግራና በቀኝ ያለውን የአፈር ክምር እየቆጠረ ይጽፋል። በጎጃም ምድር ማሳ ላይ ገመድ ሲዘረጋ ምን ማለት እንደሆነ አይናዲስ አጥታው አይደለም። መሬት የሚለካው ቀላድ ገመድ ነው፤ ቀላድ የተጣለበት ርስት ደግሞ ነገ ግብሩ ይከተለዋል፣ ይባስ ብሎም ለሌላ ይሰጣል ብሎ አገሩ ይሰጋል። ግን ልጆቹን ለመደቻቸው። ፍልፈል ፍልፈል ሲሉ ሲውሉ ሲያመሹ ቀላድ የሚባል ነገር ትዝም አላላት።

ሐሙስ ከረፋዱ ላይ፣ ለተዝካሩ ሦስት ቀን ሲቀር፣ ፍሥሐ ከማሳው ጮኸ። "እትዬ! እትዬ አይናዲስ! ይምጡ ይዩ!"

ሊጥ የነካ እጇን እንደያዘች ሮጠች። ልጁ በደረቱ ተኝቶ እስከ ትከሻው ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። ከውስጥ አንድ በአንድ እያወጣ አፈሩ ላይ ደረደረ፤ ቀይ ድንች። የተጨማደደ አለ፣ ያቆጠቆጠ አለ፣ ትናንት ከአፈር የወጣ የሚመስልም አለ። ሁሉም ላይ የጥርስ ምልክት አለበት።

"ጎተራው ነው" አላት ፍሥሐ። ፊቱ በአፈርና በደስታ ታጥቧል። "ፍልፈል ብቻውን ነው የሚኖረው እትዬ፤ ሁለት ሆነው አንድ ጉድጓድ አይገቡም። እያንዳንዱ የራሱ ጎተራ አለው። ድንቹን ከሥር ነው የሚስበው፣ ግንዱን አይነካውም።"

ሙነወር ከሦስት ጉድጓድ የወጣውን በቁናው ሰፈረው። ሁለት ቁና ሊሞላ እፍኝ ቀረው። "ማሳው ላይ ቢያንስ አሥር ፍልፈል አለ ይላል ፍሥሐ" አለ፣ ደብተሩ ላይ እየጫረ። "ከግንቦት ጀምሮ ሲበሉና ሲያከማቹ የኖሩትን ብናስበው፣ እትዬ፣ የጎደለብዎት ሁሉ እዚሁ ነው። ለሌባ የሚተርፍ ድንች የለም።"

ይኼን የተናገረው ለሂሳቡ ብሎ ነው፤ ምን እንደተናገረ አያውቅም። አይናዲስ ግን አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ስምንት ወር! ስምንት ወር ሙሉ በየማለዳው ስትነሣ መጀመሪያ የምታየው የማዶዋን ጎጆ፣ መጀመሪያ የምታስበውም ያችን ሌባ ነበር። ከሸክም እንደተገላገለ ሰው ቀለላት፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች፤ ማፈሩ ገና ሳያልቅ ተነሥታ ወደ አፋፉ ሮጠች። ሻሿ ወልቆ ወደቀ፣ አላነሣችውም።

አመተ ሥላሴ ማዶ ደጇ ላይ ገብስ ታሰጣለች። ነፋሱ ከወንዙ ሽቅብ ይነፍሳል።

"አመተ ሥላሴ! አመተ ሥላሴ ሆይ!" ብላ ጮኸች አይናዲስ። ሴትዮዋ ቀና አለች። "መሬቴን ለካ... ፍልፈል ነው የጨረሰው! ፍልፈል ነው! ሰማሽኝ?"

አመተ ሥላሴ እጇን ዓይኗ ላይ ጋርዳ ትንሽ አየች። ከዚያ ገብሱን ትታ ሮጠች።

"እየመጣች ነው!" አለች አይናዲስ ዕንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "አያችኋት ስትሮጥ? እየመጣች ነው! አንሙት፣ ጠላ ቅዳ!" ያስቀመጠችው ምርጥ ጠላ ነበራት፣ ለቄሶቹ ያለችው፤ እሱኑ አስከፈተች።

የመጣችው ግን አመተ ሥላሴ አይደለችም። አርባ የሚሆኑ ወንዶች፣ ከነምንሽራቸው፣ ከፊት ጭቃ ሹም ፍቅረ ሥላሴ። የጭቃ ሹም ሹመት የመንደር ነው፤ ግን በዚያ ቀን አመጣጡ ለራስ የሚበቃ ነበር። ማሳው ላይ ሲደርሱ ገመዱን አዩ። ቀይ ጨርቁን አዩ። ሙነወርን ከነቁናው፣ ፍሥሐን ከነደብተሩ፣ አንሙትን ከነእርሳሱ አዩ።

"እንግዲህ ተመልከቱ" አለ ጭቃ ሹሙ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። "አንዱ መሬታችንን ይለካል። አንዱ እህላችንን ይሰፍራል። ይኼ የኛው ጉድ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ በየሽማግሌው ደጅ እየተቀመጠ አፋችንን ይጽፋል። መሬት፣ እህል፣ አፍ! ከዚህ ሌላ ለግብር ምን ይቀራል?"

እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ተደርድሮ ሲነገር አይናዲስ ራሷ ደነገጠች።

"ፍልፈል ነው የምንቆጥረው" አለ ፍሥሐ።

"መንግሥት ፍልፈል ላይ ደረሰ?" አለ አንዱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

"የእናንተን ተዉት፣ እሷ በገዛ አፏ ተናግራለች" አለ ጭቃ ሹሙ። "አመተ ሥላሴ በጆሮዋ ሰምታለች። 'መሬቴን ለካ' ብለሽ አልጮኽሽም? ከዚህ አፋፍ ላይ አልጮኽሽም?"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኼ ነው። አንሙት ግን ነገሩ ወዲያው በርቶለት ሳቅ አመለጠው፤ ምነው ባላመለጠው! "ጭቃ ሹም፣ 'ለካ' እኮ ሁለት ነው" አለ። "በገመድ 'ለካ' አለ። 'ለካስ እንዲህ ኖሯል' የሚባለው 'ለካ' ደግሞ አለ። አክስቴ ያሉት ሁለተኛውን ነው። ሰሙ ማዶ ተሻገረ፣ ወርቁን ነፋስ ወሰደው።"

"ቅኔህን ለደብረ ወርቅ!" አለው ጭቃ ሹሙ። "እሺ፣ ፍልፈል አየች እንበል። ፍልፈል ያየ ሰው ስምንት ወር ላኮረፋት ሴት ይጮኻል? ከመንደሩ ሁሉ ለአመተ ሥላሴ? ምን አገናኛቸው?"

አንሙት አክስቱን አያት። አይናዲስ መልሱ ነበራት፤ ግን አርባ ወንድ ፊት ሊወጣላት አልቻለም። ዝም ስትል ዝምታዋ እንደ ማመን ተቆጠረባት።

ደብተሮቹና ገመዱ ተወሰዱ። ሦስቱ ልጆች በጭቃ ሹሙ ጎተራ ውስጥ ተዘጋባቸው። ሊሄዱ ሲሉ ፍቅረ ሥላሴ ወደኋላ ቀረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም፤ አለኸኝን በትከሻቸው ተሸክመው ከቀበሩት አንዱ ነው። "አይናዲስ፣ ነገ ጠዋት ደጀ ሰላም ሕዝቡ ይሰበሰባል። 'ሳላውቅ ነው ማሳዬ የገቡት፣ ገመዱንም ሰርቀው ነው' በይ። ይበቃል። ልጆቹን ገርፈን ደብተራቸውን አቃጥለን እንሰዳቸዋለን። አንቺን የሚነካ የለም። 'ፈቅጄ ነው' ካልሽ ግን እሑድ ደጅሽን የሚረግጥ ሰው እንዳትጠብቂ። እሳት የሚያስጭርሽም አይኖርም።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ስድስት ጋን ጠላ ተጠምቋል። በሬው ታስሮ ቆሟል። አለኸኝ በሕይወቱ ለሰው ሁሉ የደረሰ፣ የማንም ተዝካር ያላለፈው ሰው፣ የእሱ ተዝካር ላይ ሰው ሊጠፋ ነው። የለም፣ ይኼስ አይሆንም፣ ልጆቹን ልካድ ትልና፣ የፍሥሐ የቀላ ጆሮ ይመጣባታል፤ ያንን ጀርባ አለንጋ ሲበላው ይታያታል። እውነቱን ልናገር ትልና፣ እውነቱ አመተ ሥላሴ ጋ ያደርሳታል፤ "ሌባ ብዬ አስወግዤሽ ነበር፤ ሌባ አይደለሽም" ብሎ በሕዝብ ፊት መናገር ነው። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ወንዝ ትወርዳለች? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ዓርብ ጠዋት ደጀ ሰላሙ ሞላ። አባ ወልደ ሚካኤል ደብተሮቹን ተቀብለው ያገላብጣሉ። የአንሙትን ደብተር አንብበው "ይኼስ የነመሪጌታ ቅኔ ነው፣ ደግሞ ፊደሉ ያምራል" አሉ። የሙነወርን አይተው "የቁና ወሬ ነው" አሉ። የፍሥሐ ግን በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ መሐሉ ላይ ሁለት ረዣዥም ጥርሶች ተሥለውበታል። አባ መነጽራቸውን ወደ ላይ ወደ ታች አደረጉ።

"ምንድን ነው ይኼ ልጄ?"

"የፍልፈል ጥርስ ነው አባ።"

"እግዚኦ" አሉ አባ፤ ደብተሩን ከሌሎቹ ራቅ አድርገው አስቀመጡት።

ጭቃ ሹሙ ተነሣ። "አይናዲስ፣ ልጆቹን ማሳሽ ላይ ገመድ እንዲዘረጉ ፈቅደሽላቸዋል ወይስ አልፈቀድሽም?" በዓይኑ "አልፈቀድሁም በይ" ይላታል።

አይናዲስ ተነሣች። ነጠላዋን አደገደገች። ሦስቱ ልጆች እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ ከግንቡ ሥር ቆመዋል። አመተ ሥላሴ ከሴቶቹ ኋላ፣ ብቻዋን፣ ሰው ገለል ካለላት ቦታ ተቀምጣለች። አይናዲስ ያን ቦታ አየች። እስከ ዛሬ ልብ ብላው አታውቅም ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ያቺ ሴት ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ግራና ቀኟ ባዶ ነበር።

"ፈቅጃለሁ" አለች። "መጫኛውም የእኔ ነው። ልጆቹ ምንም አላጠፉም።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ጭቃ ሹሙ ዓይኑን ጨፈነ።

"ቆዩኝ፣ አልጨረስሁም። 'ለምን ለአመተ ሥላሴ ጮኽሽ' ላላችሁኝ ነው።" ወደ ሴቶቹ ዞረች። "በግንቦት ድንቼ ሲጠፋ አመተ ሥላሴ ናት ብዬ ያዝሁ። አልጠየቅኋትም። ማስረጃም አልነበረኝም፤ ገበያ ላይ ቀይ ድንች ይዛ አየኋት፣ በቃ። አባን ለምኜ አስወገዝሁ። ስሟን አልጠራሁም፣ ግን አየኋት፣ እናንተም እንድታዩዋት ብዬ ነው ያየኋት። ትናንት ይኼ ልጅ መሬቱን ቆፍሮ ድንቼን ከነጥርሱ ምልክት አወጣልኝ። ለካ መሬቴን የጨረሰው፣ ድንቼን የወሰደው ፍልፈል ኖሯል! ይኼን ነው የጮኽሁት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር። አላመናችሁኝም? ሂዱ ቆፍሩ፤ ሰባቱ ጉድጓድ ገና አልተነካም።"

ጭቃ ሹሙ አራት ወጣቶች ላከ። ሕዝቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ወጣቶቹ ሲመለሱ በሁለት ነጠላ ቀይ ድንች ተሸክመዋል፤ አንደኛው ደግሞ ጣቱን ተነክሶ ይደማል፤ ባለቤቱ ጎተራው ውስጥ ነበርና።

አባ ወልደ ሚካኤል ድንቹን አንሥተው የጥርሱን ምልክት ፍሥሐ ከሣለው ጋር አስተያዩት። "እንግዲህ" አሉ በመጨረሻ፣ "ስምንት ወር ሙሉ ያወገዝሁት ፍልፈል ነው ማለት ነው? እንደ አርዮስ?"

ያኔ ደጀ ሰላሙ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌ በዱላው ተደግፎ ሳቀ። ጭቃ ሹሙ ራሱ የሦስቱን እጅ እየፈታ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አይናዲስም ዕንባዋና ሳቋ ተደባለቀ፤ ተገላገልሁ አለች በሆዷ።

"ሳቁ" አለች አመተ ሥላሴ።

ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ ግን ሳቁ ከዳር ጀምሮ ሞተ። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነበር።

"ሳቁ እንጂ። ጥገቴ ስትሞት 'ያዛት' ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ልጄን ለማጨት የተላኩት ሽማግሌዎች ከመንገድ ተመልሰዋል። ሥጋ ወደሙ ልቀበል ስቀርብ ሰው ይገላመጠኛል። ኋላማ እኔም ራሴን ጠረጠርሁ፤ ምናልባት ሳላውቅ በእንቅልፌ ሰርቄ ይሆን እያልሁ።" ወደ አይናዲስ ዞረች። "ያን ቀይ ድንች ዘሩን የሰጠኝ ማን ይመስልሻል? አለኸኝ ነው። ሳይታመም በፊት፣ አፋፉ ላይ ቆሞ 'እንኪ አንቺም ሞክሪው' ብሎ አንድ እፍኝ ሰጠኝ። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። አልጠየቅሽኝም።"

ነጠላዋን ሳበችና ወጣች። አባ ውግዘቱን ሲፈቱ አልቆየችም።

እሑድ ዳሱ ሞላ። የቀረ ሰው ቢኖር በሽተኛ ነው። እንዲያውም ከልክ በላይ ሞላ፤ ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀምጠዋል፣ የቅኔ ተማሪዎች ከደብረ ወርቅ ድረስ ወሬ ሰምተው መጥተዋል። ፍሥሐን ገበሬዎች ከበውታል፤ አንዱ "የእኔን ማሳ መቼ ታይልኛለህ" ይለዋል፣ ሌላው "በምን ይጠፋል" ይለዋል፣ እሱም "ኧረ እኔ ማጥፋቱን አልተማርሁም" እያለ ይምላል። ሙነወር ለብቻው በቀረበለት ሽሮ ፊት ተቀምጦ ከጭቃ ሹሙ ጋር ስለ ቁና ይከራከራል። አንሙት ጠላ ይቀዳል።

አይናዲስ ዳሱን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የፈለገችው ሁሉ ሆኖላታል። አለኸኝ አላፈረም። አባ ወልደ ሚካኤል መስቀላቸውን አንሥተው ማዕዱን ሊባርኩ ሲሉ ግን፣ "አባ፣ ትንሽ ይቆዩኝ" አለች።

ወጥታ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ መረጠች። ትንሽ አልመረጠችም። በማጅራቷ ላይ ስታደርገው አንሙት ሮጦ መጣ፤ "አክስቴ፣ ኧረ እኔ ልያዝልዎት" አለ።

"ይኼ በሰው አይላክም" አለችው።

ቁልቁለቱን ወረደች፣ ወንዙን ተሻገረች፣ ዳገቱን ያዘች። ሁለት ጊዜ አረፈች፣ ግን ድንጋዩን አላወረደችውም። ከኋላዋ ሕዝቡ ማዕዱን ትቶ አፋፉ ላይ ወጥቶ ያያል።

አመተ ሥላሴ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ድንጋዩን ራሱ አያወርድም፤ የተበደለው "ይቅር ለእግዜር" ብሎ ያወርድለታል። ይኼን ሁለቱም ያውቃሉ። አይናዲስ ከፊቷ ደርሳ ጎንበስ አለች፤ ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል።

"ሌባ ብዬሻለሁ" አለች። "ሳልጠይቅሽ ሌባ ብዬሻለሁ። ማሪኝ።"

አመተ ሥላሴ አልተነሣችም። "ከበደሽ?" አለቻት።

"ከበደኝ።"

"እንግዲያውስ ትንሽ ያዥው" አለች አመተ ሥላሴ። "እኔ ስምንት ወር ተሸክሜዋለሁ።"

አይናዲስ ያዘችው። አንገቷ ይቃጠላል፤ ግን "አውርጂልኝ" አላለችም። ምን ያህል እንደቆየች እሷም አታውቅም፤ ማዶ ያለው ሕዝብ በኋላ ሲያወራ፣ አባ ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደግመዋል ይባላል። በመጨረሻ ሁለት እጆች ማጅራቷ ላይ ሲያርፉ ተሰማት።

"ይቅር ለእግዜር" አለች አመተ ሥላሴ፣ ድንጋዩንም አወረደችው። ከዚያ ተጣጥፋ እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ፣ ስምንት ወር ያላለቀሰችውን አለቀሰች። አይናዲስም ከጎኗ ተቀመጠች፤ ተዝካሩን እየጠበቀ ማዶ የቆመውን ሕዝብ ሁለቱም ረሱት።